ለፎቶ ፍሬም መስታወት ወይስ አክሪሊክ?

ፍሬም ቤት የገባ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው ጠርዙን ሲመርጥ ነው። ወርቃማ ይሁን ጥቁር? ሰፊ ይሁን ቀጭን? ከሶፋው ጋር ይሄዳል? ፊቱ ላይ ስለሚገባው ነገር የሚጠይቅ ግን ብዙም አላየሁም። ባለሙያው ግድግዳ ላይ ከተደገፉት መስታወቶች አንዱን ያነሳል፣ ይቆርጣል፣ ያስገባል፣ አለቀ። እኔ ፎቶ እያተምኩ ፍሬም የማስገባ ሰው ስለሆንኩ ይሄ ነገር ያሳስበኛል። ፎቶውን ከፀሐይ፣ ከአቧራ፣ ከዕጣን ጭስና ከልጆች እጅ የሚጠብቀው ጠርዙ አይደለም፤ ያ ማንም የማይጠይቅበት ነገር ነው።

ሰሞኑን ደግሞ አክሪሊክ፣ ማለትም መስታወት የሚመስለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ እንደልብ መገኘት ስለጀመረ “የቱ ይሻላል?” የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። እንደ ፎቶው ነው፤ እንደሚሰቀልበት ቦታም ነው። ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ። ፎቶው መስታወቱን ይነካል ወይስ አይነካም?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፣ ምክንያቱም በየቤታችን ስንት ፎቶ ያጠፋው ይሄ ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት የሰርግ ፎቶአቸውን ከነፍሬሙ ይዘው መጡ። ጥቁርና ነጭ ሆኖ በእጅ ቀለም የተቀባ ነው፤ ድሮ ፎቶ ቤቶች ከንፈሩን ቀላ፣ ካባውን ወርቅማ ያደርጉት እንደነበረው ዓይነት። “ልጄ፣ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ቀይርልኝ” አሉኝ። ፍሬሙን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ብርሃኑ በጎን እንዲመታው አጋድሜ አየሁት። ፎቶው ከመስታወቱ ያልተጣበቀበት ቦታ ደብዘዝ ያለ ነው። የተጣበቀበት ግን ውሃ የነካው ይመስል ጠቆር ብሎ ያብረቀርቃል። ያ የሚያብረቀርቀው ቦታ ከሙሽራዋ ጉንጭ ጀምሮ ቬሎው ድረስ ወርዷል። “እማማ፣ አሁን ባላቅቀው ፊትዎ መስታወቱ ላይ ይቀራል” አልኳቸው። ደነገጡ። “ታዲያ ምን ይሻላል?”

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮውም ሆነ ዛሬ ፎቶ ቤት በማሽን የሚታጠበው ፎቶ ምስሉን የያዘው ጄላቲን በሚባል ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ጄላቲን ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ነገር ነው፤ የድሮ አናጢዎች እንጨት የሚያጣብቁበት ሙጫም ከዚያው ዘር ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ የነካውን ይዞ ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ይውላል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ያልደረቀ ልብስ ተሰጥቷል፣ ከማብሰያው እንፋሎት ይወጣል። ያ ሁሉ እርጥበት ቀዝቃዛውን መስታወት ፈልጎ ይሄዳል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ፎቶው ይለጠፋል፣ ከፊት የሚያየው ሰው ግን ምንም አያውቅም።

እናም አላላቀቅነውም። ስንጥቁ እንዳይሄድ ከውጭ በኩል ፕላስተር ለጠፍንበት። ፍሬሙን ጠፍጣፋ አስተኝተን፣ መብራት ከግራና ከቀኝ አድርገን፣ ነጸብራቅ እንዳይኖር ካሜራው ዙሪያ ጥቁር ጨርቅ ይዘን ከነመስታወቱ አነሳነው። ፕላስተሩና ስንጥቁ ኮምፒውተር ላይ ጸዳ፣ አዲስ ቅጂ ታተመ፣ ሳሎን የሚሰቀለው እሱ ሆነ። ኦሪጅናሉ ከመስታወቱ ጋር በንጹህ ወረቀት ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ቀን በሙያው የሠለጠነ ሰው ሊያላቅቀው ይችል ይሆናል። “ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ይለቃል” የሚል ምክር የሰማ ካለ እባካችሁ አትሞክሩት። በእጅ የተቀባ ቀለም ውሃ ሲነካው ሊለቅ ይችላል፣ በኢንክጄት ፕሪንተር የታተመ ከሆነ ደግሞ ምስሉ ራሱ ይበላሻል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ክፍተት ነው። መሃሉ እንደ መስኮት የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን በፎቶውና በመስታወቱ መካከል ይገባል። በውጭ አገር ለዚህ የሚሸጠው ካርቶን 1.5 ሚሊ ገደማ ውፍረት አለው፤ ለመደበኛ መጠን ይበቃል። ካርቶኑ አሲድ የሌለው ይሁን። ተራውን ካርቶን ያስገባ ሰው ከጊዜ በኋላ ሲከፍተው የመስኮቱ የተቆረጠ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ፣ ፎቶው ላይም ያንኑ መስመር አትሞበት ያገኘዋል። ዙሪያው ነጭ ሳይሆን ፎቶው ሙሉ ይታይ የምትሉ ከሆነ ደግሞ ከጠርዙ ሥር የሚደበቅ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ በመስታወቱና በፎቶው መካከል ዙሪያውን ማስገባት ይቻላል። “አክሪሊክ አይለጠፍም” ሲባል እሰማለሁ። ይለጠፋል። እንዲያውም ትልቅ አክሪሊክ መሃሉ ላይ ጎበጥ ስለሚል ከመስታወት የበለጠ ክፍተት ይፈልጋል።

አንድ የተለየ ነገር አለ። ፎቶውን ሆን ብሎ አክሪሊክ ላይ ለዘለዓለም ማጣበቅ። ጀርመናዊው አንድሪያስ ጉርስኪ ትላልቅ ሥራዎቹን እንደዚያ ነው የሚያቀርበው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ በ4.3 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው የራይን ወንዝ ፎቶው ከአክሪሊክ ጋር የተጣበቀ ነው። ያምራል፣ ቀለሙ ጥልቅ ይሆናል። ግን አክሪሊኩ ከተጫረ ፎቶው ተጫረ ማለት ነው፣ መለያየት የለም። ፋይሉ እጃችሁ ላይ ላለ፣ ሲበላሽ ደግማችሁ ለምታሳትሙት ፎቶ ይሁን። የአያት ፎቶ ላይ ግን በፍጹም።

አሁን ወደ ብርሃኑ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ለምድር ወገብ ቅርብ መሆናችን ሲጨመርበት የእኛ ፀሐይ ለፎቶ ርኅራኄ የላትም። ተራ መስታወት ቆዳ የሚያቃጥለውን፣ ሞገዱ አጭር የሆነውን ጨረር ያስቆማል፣ ሞገዱ ረጅም የሆነውን ግን በብዛት ያሳልፋል። ለፍሬም ተብሎ የተሠራው፣ ጨረር የሚያጣራ ሽፋን ያለው መስታወት ወይም አክሪሊክ ከ97 እስከ 99 ከመቶ ያስቀራል።

ይሄ ቁጥር ግን ሰው ያሳስታል። “99 ከመቶ ይከላከላል” ሲባል ፎቶው ከመደብዘዝ 99 ከመቶ ዳነ ማለት አይደለም። ዓይናችን የሚያየው ተራ ብርሃንም ቀለም ይበላል። ሙዚየሞች ለብርሃን ስስ የሆነ ፎቶ ሲያሳዩ መብራቱን ወደ 50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ዝቅ ያደርጋሉ፤ ደጅ በቀጥታ የምትመታ የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ለክስ ትደርሳለች። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምታርፍበት ግድግዳ ላይ ፎቶ ሰቅሎ ውድ መስታወት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። መጀመሪያ ቦታውን ቀይሩ። ከሁሉም የሚሻለው መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ራሱ ነው፣ ቀጥተኛ ፀሐይ አይደርስበትም፤ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ የባሰው ነው፣ ለጨረሩም ለነጸብራቁም። ቤቱ ሌላ ግድግዳ ከሌለው መኪና ላይ እንደሚለጠፈው ያለ ጨረር የሚያስቀር ፊልም መስኮቱ ላይ ማስለጠፍ ይቻላል። አንዴ ተለጥፎ ሁሉንም ፎቶ፣ መጋረጃውንም ሶፋውንም ጭምር ያግዛል።

ደግሞ ሁሉም ፎቶ እኩል አይደለም። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስል ብር ነው፣ ማዕድኑ ማለቴ ነው፤ በደንብ የታጠበ ከሆነ ብርሃን ብዙም አይጎዳውም፣ የሚጎዳው እርጥበት፣ መጥፎ ካርቶንና የቀለም ቅብ ሽታ ነው። የ1970ዎቹ የፈረንጅ ዘመን ባለቀለም ፎቶዎች ወደ ቀይ የሄዱት ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለማቸው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦም ስለሚሞት ነው። ለእነሱ ምንም ዓይነት መስታወት አይደርስላቸውም፣ አሁኑኑ ስካን ማድረግ ብቻ ነው። የዛሬ ኢንክጄት ህትመት ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ፒግመንት ቀለም ብርሃን ይችላል። ዳይ የሚባለው ርካሹ ቀለም ግን ከብርሃኑ ሌላ አየር ውስጥ ያለው ኦዞን የሚባል ጋዝም ያጠፋዋል፤ እንዲህ ዓይነት ፎቶ ክፍቱን ከመሰቀል ይልቅ ከተራ መስታወት ጀርባ ቢገባ እንኳ ትልቅ ለውጥ አለው። ስታሳትሙ “ቀለሙ ዳይ ነው ፒግመንት?” ብላችሁ ጠይቁ።

የገዛችሁት ነገር እውነት ጨረር ያጣራ እንደሆነ ቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል፣ እኔ የምወደው ነገር ነው። ሱቆች ብር የሚመረምሩበት ዓይነት ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ያስፈልጋል፣ 365 ናኖሜትር የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል፣ 395 የሚለው ግልጽ ውጤት አይሰጥም። ክፍሉን አጨልሙ። ነጭ የፎቶኮፒ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ባትሪውን አብሩበት፤ ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ይቦግጋል። አሁን መስታወቱን በመሃል አስገቡ። ተራ ከሆነ ወረቀቱ መቦገጉን አያቆምም። የሚያጣራ ከሆነ ወረቀቱ ድርግም ይላል። አክሪሊክንም በዚሁ መንገድ ሞክሩት፣ ምክንያቱም ገበያ ላይ ያለው አንዱ ያጣራል፣ አንዱ አያጣራም፣ በዓይን ደግሞ አይለዩም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ብዙ ዘመናዊ ወረቀት ነጭ የሚመስለው በዚያው ጨረር ስለሚቦግግ ነው፣ ስለዚህ ከሚያጣራ መስታወት ጀርባ ሲገባ ትንሽ ወደ ክሬም ያደላል። ጉድለት አይደለም።

እንግዲህ መስታወት ወይስ አክሪሊክ?

ክብደቱን እንይ። አክሪሊክ በተመሳሳይ ውፍረት ከመስታወት ግማሽ አይሞላም። 60 በ90 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ 3 ሚሊ መስታወት ብቻውን 4 ኪሎ ይመዝናል። አክሪሊኩ 2 ኪሎ አይሞላም። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይሄ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ነው፣ ምስማር ሲመታበት ይፈረፈራል፣ ከባድ ፍሬም ለመስቀል ፊሸር አስገብቶ መሥራት ግድ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ፎቅ ላይ ያለን ሰዎች ስንደነግጥ ሰነበትን። ከዚያ ወዲህ አልጋ ራስጌ ላይ መስታወት ያለው ፍሬም እንዲሰቀል አልመክርም። አልጋ ላይ፣ የልጆች ክፍል፣ ደረጃ ላይ፣ ወይም በአውቶብስ ክፍለ ሀገር የሚላክ ፎቶ ከሆነ አክሪሊክ ይሁን፣ አይከራከሩበትም። መስታወት ሲሰበር ሰው ብቻ አይደለም የሚጎዳው፣ ስባሪው መጀመሪያ የሚቆርጠው ከሥሩ ያለውን ፎቶ ነው።

የአክሪሊክ ትልቁ ችግር መጫሩ ነው። ደረቅ ጨርቅ ላይ ያለች የአቧራ ቅንጣት እንኳ መስመር ትታበት ታልፋለች። ሁለተኛው ችግር ስታቲክ ነው። መከላከያውን ፕላስቲክ ስትልጡት ኤሌክትሪክ ይይዝና የክፍሉን አቧራ በሙሉ ወደ ራሱ ይጠራል፣ ፍሬሙን ዘግታችሁ ቀና ስታደርጉት አንዲት ፀጉር መሃል ላይ ተጋድማ ታገኛላችሁ። እኔ የማደርገው መሬቱን ውሃ ረጭቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ በትንሹ በረጠበ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ቀስ ብዬ አብሼ ወዲያው መግጠም ነው። በከሰል ወይም በፓስቴል የተሣለ ሥዕል ላይ ግን ተራ አክሪሊክ አታስገቡ፣ ዱቄቱን ከወረቀቱ ላይ ይስበዋል።

ሦስተኛው መስፋቱ ነው፣ ብዙ ፍሬም ቤት ይሄን አያስብበትም። አክሪሊክ በሙቀት ከመስታወት ሰባትና ስምንት እጥፍ ይለጠጣል። 1 ሜትር የሆነ አክሪሊክ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር 1.4 ሚሊ ገደማ ይረዝማል። ልክ በልክ ተቆርጦ ከገባ መሄጃ ያጣና ይጎብጣል። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ የሚላክ ትልቅ ፍሬም ከሆነ ዙሪያውን ቢያንስ 2 ሚሊ ክፍተት ይተዉለት።

ስለ ርካሹ ነገርም ልናገር። ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ ፍሬም ጋር የሚመጣው ስስ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ አክሪሊክ አይደለም፣ ፖሊስታይሪን ነው። ሲታጠፍ ነጭ መስመር ያወጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ብርሃን ላይ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል። ለልደት ፎቶ ያገለግላል። ለሰርግ ፎቶ ግን ቀይሩት። ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶች አክሪሊክ የሚገዙት በትልቅ ሉክ ነው፣ 1.22 በ2.44 ሜትር፤ ከሥራ የተረፈ ቁራጭ አይጠፋቸውም። መከላከያ ፕላስቲኩ ያልተላጠ፣ ያልተጫረ፣ ባለ 2 ወይም ባለ 3 ሚሊ ቁራጭ ካላቸው ጠይቁ፣ በሌዘር እዚያው ይቆርጡላችኋል። ከዋሽንግተን ወይም ከሌላ ከተማ የሚመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ ጨረር የሚያጣራውን አክሪሊክ አስቆርጡና ሻንጣ ውስጥ በሁለት ጠፍጣፋ ካርቶን መሃል ያምጣላችሁ። መስታወት አታስመጡ፣ ያው መሰበሩ ነው።

ነጸብራቅ የሚያስቸግረው ሰው ብዙ ጊዜ “ማት ይሁንልኝ” ይላል። አልወደውም። ማት መስታወት ፊቱ ሻካራ ስለሆነ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ የፎቶውን ዝርዝርም አብሮ ይበትነዋል። ጥርት ብሎ የሚያሳየው ፎቶውን ሲነካ ነው፣ እኛ ደግሞ እንዳይነካ ነው ይሄን ሁሉ የምንለፋው። ክፍተት ሲገባበት የእናትህ ፊት ጉም ውስጥ የገባ ይመስላል። መፍትሄው ነጸብራቅ የሚቀንስ ሽፋን ያለው መስታወት ነው። ተራው በሁለቱ ፊቶቹ 8 ከመቶ ገደማ ብርሃን ይመልሳል፣ ይሄኛው ከ1 በታች። ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት መስታወት የሌለ ይመስላል፤ መብራት ሲያርፍበት ብቻ ለስለስ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ታያላችሁ፣ መለያውም ያ ነው። ውድ ነው፣ የጣት አሻራም አይደብቅም። አንድ የምትወዱት ትልቅ ፎቶ ካለ ግን እሱ ላይ አውጡት እላለሁ። ሽፋኑ በየትኛው ፊት እንደሆነ መለያው ላይ አንብቡ፣ ጨረር የሚያጣራው ፊት ወደ ፎቶው ነው የሚዞረው።

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። እስከ 30 በ40 ለሆነ ፎቶ ንጹህ ተራ መስታወት በካርቶን መስኮት፣ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ። ርካሽ ነው፣ አይጫርም፣ ለማጽዳት ቀላል ነው። ከ60 በ90 በላይ ከሆነ ባለ 3 ሚሊ አክሪሊክ። በመሃል ያለው እንደ ቤቱና እንደ ኪሱ። ሌላ ቅጂም ኔጋቲቭም የሌለው አንድ ለእናቱ ፎቶ ከሆነ ግን ሁለቱንም አልመርጥም፣ ስካን ተደርጎ ቅጂው ይሰቀል፣ ኦሪጅናሉ ይቀመጥ።

ስለ ማጽዳት አጭር ነገር። ቡና በሚፈላበት ሳሎን የዕጣኑና የከሰሉ ጭስ መስታወቱ ላይ ስስ ቅባት ነገር ይተዋል፣ በጣት ስታልፉበት ይታወቃል። ለመስታወት ማጽጃውን ጨርቁ ላይ ርጩ እንጂ ፍሬሙ ላይ አትርጩ፤ ፈሳሹ በታችኛው ጠርዝ ገብቶ ካርቶኑ ይጠጣዋል፣ ከዚያ ወደ ፎቶው ይወጣል። አክሪሊክ ላይ ግን አሞኒያ ያለበትን ያንን ሰማያዊ የመስታወት ማጽጃ አትጠቀሙ፣ አልኮልም እንዲሁ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣበታል። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ።

የኋላውንም አትርሱ። ችፑድና ኤምዲኤፍ አሲድ ያለው ትነት ይለቃሉ፣ ከፊት ምንም ያህል ውድ መስታወት ቢገባ ከጀርባ ፎቶውን ይበሉታል። በፎቶውና በጣውላው መሃል አሲድ የሌለው ወረቀት ይግባ። ታችኛዎቹ ሁለት ማዕዘኖች ላይ ትንንሽ የጎማ ወይም የስፖንጅ እግር ለጥፉ፣ ፍሬሙ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ይልና አየር ያልፍበታል። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ቤት ያሉትን የቆዩ ፍሬሞች አንድ በአንድ አውርዳችሁ ብርሃን በጎን እያስመታችሁ እዩአቸው። እርጥብ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ቦታ ካያችሁ አትክፈቱት፣ እንዳለ ፎቶ አንሱት።